በብስክሌት ክለብ የመጀመሪያው የኅብረት ጉዞ

በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ወይም በመቀሌ ያደገ ልጅ ብስክሌት መንዳትን አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከሰፈር ጓደኛው ነው። በሰዓት ሒሳብ የተከራያትን ብስክሌት አንዱ ከኋላ ይዞለት፣ ሌላው ከጎን እየሮጠ «አትፍራ፤ ፊት ለፊት እይ!» እያለው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቆ ጉልበቱን ከላጠ በኋላ ሚዛኑን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ገበያ ወይም እስከ ትምህርት ቤት ብቻውን መንዳት አይከብደውም። ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ የብስክሌት ክለብ አባል ሆኖ ከዐሥርና ከዐሥራ ሁለት ሰዎች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ሲወጣ፣ ያለው ችሎታ እንደማይበቃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረዳል። ከፊቱ ያለው ጎማ ከእርሱ የሚርቀው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከኋላው የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማዋል፤ በግራው ደግሞ የጭነት መኪና ያልፋል። በዚህ ጊዜ የእርሱ ስሕተት የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዚህ ምንባብ ዓላማም እንዲህ ያለው ጉዞ በምን ሕግ እንደሚመራና ሕጉም ከምን እንደ መነጨ ማስረዳት ነው።

ብስክሌትን በማኅበር መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ መሬቱን በእግር እየገፉ የሚነዷትን ባለሁለት እግር መሣሪያ ያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ነው። መጠናቸው የሚቀራረብ ሁለት ጎማዎች ያሏትና የኋላ ጎማዋ በካቴና የሚዞረው ብስክሌት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ አወጣ። ክለቦች ግን ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቀድማሉ። በእንግሊዝ አገር የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1878፣ ማለትም የብስክሌት የፊት ጎማ እስከ ሰው ደረት ይደርስ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው የሚያነሣው ጓደኛ ቢፈልግ አያስደንቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1956) በሜልቦርን ከተማ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አብረው ተሰልፈዋል፤ ገረመው ደንቦባ ከነዚህ አንዱ ነበሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 በተጀመረውና ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ ውድድር ላይ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ክለብ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ጥቂት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይገባዋል። ጉዞው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በሰዓት በአማካይ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የደከመውን ሰው ትጠብቁታላችሁ ወይስ ትተውት ትሄዳላችሁ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች ሊጠይቁት ያፍራሉ፤ ደካማ መስሎ መታየት አይፈልጉምና። ነገር ግን ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይኸው ነው። ለውድድር የሚለማመድ ቡድን የሚቀርበትን ሰው ባይጠብቅ ጥፋት የለበትም፤ ሥራው ፍጥነት ነውና። ጀማሪ የሚቀበል ቡድን ግን ከሁሉ ኋላ የሚነዳና ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚጠብቅ አንድ ልምድ ያለው ሰው ሊመድብ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ቡድን ለመጀመሪያ ጉዞ አይመረጥም። ሴት ተማሪዎችም «ይህ የወንዶች ነገር ነው» በሚል ወሬ ሊያፈገፍጉ አይገባም፤ የሴቶች የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከኦሎምፒክ ውድድሮች አንዱ ነው። ወላጆች የሚጨነቁ ከሆነ፣ መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ መንገርና የቡድኑን መሪ ከእነርሱ ጋር ማስተዋወቅ ይጠቅማል።

ብስክሌቷ አዲስ መሆን የለባትም፤ ደኅና መሆን ግን አለባት። የኮርቻዋን ከፍታ ለማወቅ፣ በኮርቻዋ ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ አሳርፉ፤ እግራችሁ ሳይታጠፍ ቀጥ ካለ ከፍታው ተስማምቷችኋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ብዙ ጀማሪዎች ከኮርቻ ማነስ በቀር ሌላ በሽታ የለባቸውም። ጎማው የሚይዘው የአየር መጠን በጎኑ ላይ ታትሟል፤ ከዚያ በታች ከሆነ በፖምፓ ሙሉት። ሁለቱም ፍሬኖች ይሥሩ፤ ካቴናውም ዘይት ይንካው። አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ አነስተኛ ፖምፓና የጎማ መለጠፊያ መያዝም ግዴታ ነው፤ ጎሚስታ በየመንገዱ አይገኝምና። የራስ መከላከያ ቆብ የሌለው ሰው ደግሞ እስኪያገኝ ድረስ ጉዞውን ቢያዘገየው ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ብስክሌት፣ ፖምፓ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ መሆናቸውን ልብ በሉ። መሣሪያው ከነስሙ ገባ፤ አማርኛም እንደ ራሱ አፍ አለዝቦ ተቀበለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰዎች ተጠጋግተው የሚነዱት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ ነፋስ ነው። በዝግታ ለሚነዳ ሰው አየር መኖሩም አይታወቀውም። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ እጅግ ይበልጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሰው ፍጥነቱን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢያሳድግ፣ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ሲሆን የአየሩ ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ደልዳላ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያወጣው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው። ከፊት ያለው ሰው አየሩን ሲሰነጥቀው፣ ከኋላው የተጠጋው ሰው በተሰነጠቀው አየር ውስጥ ይሄዳል፤ በዚህም ከሚገጥመው የአየር ግፊት ሲሶ ያህሉ ይቀርለታል። ብቻውን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚዝል ተማሪ፣ ከቡድን ጋር ስድሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚመለስበት ምሥጢር ከዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ግን መጠለያው በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ያደላል። በነፋስ ቀን ልምድ ያላቸው ሰዎች በሰያፍ ተሰልፈው የምታዩአቸው ስለዚህ ነው፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም በነፃ አይገኝም። ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሰባት ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ እጁን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑን ሳይነካ ሰባት ሜትር አልፏል ማለት ነው። እናንተ ግን ከፊታችሁ ካለው ጎማ የምትርቁት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ነው። እንግዲያውስ ይህ ሰው በድንገት ቢቆም ምን ይሆናል? መልሱ ግልጽ ነው፤ ትጋጫላችሁ። ስለዚህ የኅብረት ጉዞ ሊኖር የሚችለው ማንም በድንገት ፍሬን እንደማይዝ ሁሉም ሰው ሲተማመን ብቻ ነው። ጉድጓድ ያየ የፊት ሰው እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ያመለክታል፤ «ጉድጓድ!» ብሎም ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያለው ሰምቶ ለሚከተለው ያስተላልፋል። ከኋላ መኪና ሲመጣ ደግሞ «መኪና!» የሚለው ድምፅ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። አህያ፣ በግ፣ ባጃጅ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን፣ ሁሉም በዚሁ መልክ ይነገራል። መልእክቱን ሰምቶ ለራሱ ብቻ ያስቀረ ሰው ከኋላው ያለውን ዓይኑን አሰረው ማለት ነው።

ፍጥነት መቀነስ ሲያስፈልግስ? በመጀመሪያ ፔዳሉን መምታት አቁሙ፤ ቀጥሎም ደረታችሁን ቀና አድርጋችሁ ነፋሱን ተቀበሉት። ነፋሱ ራሱ ቀስ ብሎ ይገታችኋል፤ ፍሬን የሚነካው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው፤ እርሱም በዝግታ። ሌላው አጥብቃችሁ ልትጠብቁት የሚገባ ሕግ ደግሞ፣ የፊት ጎማችሁ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን እንዳይደራረብ ነው። ፊተኛው ሰው ከመንገዱ ጥቂት ዘወር ቢል ጎማና ጎማ ይነካካሉ። በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ፊተኛው አይደለም፤ የእርሱ የተነካው የኋላ ጎማው ነውና ሚዛኑን ሳይስት ሊያልፍ ይችላል። የኋለኛው ሰው ግን የተነካው ሚዛኑን የሚጠብቅበት የፊት ጎማው ስለ ሆነ ወዲያው መሬት ላይ ይገኛል።

አብዛኞቹ ጀማሪዎች ከዓይን ለመሰወር ሲሉ የሰልፉን መጨረሻ ይመርጣሉ። ይህ ምርጫ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። ከፊት ያለው ሰው በመጠምዘዣ ላይ ፍጥነቱን በጥቂቱ ሲቀንስ፣ ሁለተኛው ጥቂት አብልጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ አብልጦ ይቀንሳል። ከመጠምዘዣው ሲወጡም እንዲሁ ነው፤ መሪው በቀላሉ ፍጥነቱን ሲመልስ መጨረሻ ያለው ሰው ያን ሁሉ ክፍተት ለመዝጋት ይሮጣል። በዚህ ምክንያት ጭራው ላይ ያለ ሰው ሲጎተት፣ ሲገታ፣ ሲጎተት ይውላል። ለጀማሪ የሚስማማው ቦታ ከፊት ሦስተኛው ወይም አራተኛው፣ ረጋ ብሎ ከሚነዳ አሮጌ አባል ኋላ ነው።

ከፊት መሆን ድካም ስለ ሆነ አባላቱ በየጥቂት ደቂቃው ይፈራረቃሉ። ተራውን የጨረሰ ሰው የኋላውን አይቶ ወደ ጎን ይወጣል፤ ፍጥነቱን ቀንሶም ሰልፉ ሲያልፍ ከጭራው ይቀጠላል። ወደ ፊት የመጣው አዲሱ ሰው የሚፈተነው በዚህ ሰዓት ነው። ጉልበቱን ለማሳየት ሲል ፍጥነት ቢጨምር ሰልፉ ይበጠሳል፤ ፊተኛው ይነዳበት በነበረው ፍጥነት ቢቀጥል ግን ማንም ሳያውቀው ተራው ያልፋል፤ ትልቁ ሙያም ይህ ነው። የደከመው ሰው ተራውን ለአፍታ ብቻ ይዞ ቢለቅ አያሳፍርም። በሰዋስው ትምህርታችሁ «ተጠበቀ» እና «ተጠባበቀ»፣ «ተከተለ» እና «ተከታተለ» የሚሉትን ግሶች አወዳድራችሁ ይሆናል። በሁለተኛዎቹ ቅርጾች ውስጥ አንዱ ፊደል ይደገማል፤ ድርጊቱም በብዙ ሰዎች መካከል የሚመላለስ ይሆናል። ተፈራረቁ፣ ተጠባበቁ፣ ተነጋገሩ፣ ተረዳዱ፤ የኅብረት ጉዞን የሚገልጹት ግሶች ሁሉ ከሞላ ጎደል የዚህ ቤተ ሰብ ናቸው።

ዳገት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ነፋሱ ዋጋ ያጣል፤ እያንዳንዱም ሰው የራሱን ክብደት ብቻውን ይሸከማል። በዚህ ጊዜ የሌላውን ሰው እርምጃ ለመያዝ መጣጣር ከንቱ ድካም ነው። ማርሽ ካላችሁ ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ቀላሉ አዙሩና እግራችሁን ቶሎ ቶሎ አሽከርክሩ፤ ከባዱን ማርሽ ይዞ መታገል ጉልበትን ያደክማል። ከኮርቻ ተነሥታችሁ በቁም ልትመቱ ስትሉ ብስክሌቷ ለቅጽበት ወደ ኋላ ስለምትመለስ፣ ከኋላችሁ ማን እንዳለ አስቡ። ደግ ቡድን ከዳገቱ አናት ላይ ይቆማል። ነገር ግን የመጨረሻው ሰው እንደ ደረሰ ወዲያው መነሣት አይገባም፤ የሚጠብቁት ሲያርፉ፣ እርሱ ግን ገና መድረሱ ነውና።

ስለ ምግብ ብዙ መናገር አያሻም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚዘልቅ መንገድ፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ለሚሄደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ደርሶ መልስ፣ ውኃና የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል። ውኃው ጥማት ሳይመጣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ሙዝና ዳቦ መልካም ናቸው፤ አባቶቻችን ለሩቅ መንገድ ይሰንቁት የነበረው በሶም ለብስክሌተኛ የሚያንስ ስንቅ አይደለም።

ጎማ የተነፈሰበት አባል ሲኖር ሁሉም ከአስፋልቱ ወጥተው ይቆማሉ፤ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ፖምፓ ይመታል። አዲሱ አባል ዳር ቆሞ ከሚመለከት ይልቅ ጎማውን ይዞ ቢያግዝ ሥራውን ይማራል፤ ስሙም ቶሎ ይታወቃል። ሰው የወደቀ እንደሆነ ግን በፍጥነት አያነሡት፤ አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቁታል፤ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጡትን መኪናዎች ያስጠነቅቃል።

ከጉዞው መልስ፣ ምንም ያህል ቢደክማችሁ፣ ብስክሌቷን ሳትመረምሩ አታስቀምጡ። ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉት፤ በጎማው ውስጥ የተሰካ እሾህ ወይም የጠርሙስ ስባሪ እንዳለ በጣታችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ፈልጉ። የተለጠፈውን ካላማዳሪ አየር ሞልታችሁ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ እንደገና ለመለጠፍ ጊዜ አላችሁ።