ፍጥነትን የወሰነው ሽቦ

ስለ ቀድሞዎቹ ግዙፍ ኮምፒውተሮች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የትራንዚስተራቸው ብዛት ወይም የማኅደረ ትውስታቸው መጠን ነው። ሽቦው መልእክት ከማመላለስ ያለፈ ድርሻ ያልነበረው ይመስል ይዘነጋል። በእነዚያ ማሽኖች ውስጥ ግን የሽቦ ርዝመት ራሱ የስሌቱ አካል ነበር። ሽቦ በረዘመ ቁጥር ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜው ከተዛባ ደግሞ መልሱ ይበላሻል። ይህን ያልተረዳ ሰው የማሽኖቹ ቅርጽ እንኳ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይገባውም።

ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጅ የነበሩት ግሬስ ሆፐር ይህን ለማስረዳት በዚሁ ልክ የተቆረጡ ሽቦዎችን ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። የኤሌክትሪክ ምልክት በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ በናኖሴኮንድ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል ብሎ ማስላት ይቻላል። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በአንድ የጋራ ምት ነው። በማኅሌት መቋሚያው ሁሉ ከበሮውን ተከትሎ እኩል እንደሚነሳና እንደሚወርድ፣ የማሽኑም ክፍሎች ምቱን ጠብቀው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ምልክቱ ዘግይቶ ከደረሰ ተቀባዩ ክፍል አሮጌውን ውጤት ይዞ ይቀጥላል፤ ያለ ጊዜው ቀድሞ ከደረሰም ገና ያልተነበበውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሽቦው አጭር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ልኩን የጠበቀ መሆን አለበት።

ርዝመት ጊዜ መሆኑን መሐንዲሶች መጀመሪያ ያወቁት እንደ እንቅፋት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር ቁጥሮችን የሚያስታውሰው በዚሁ ዘዴ ነበር። ቁጥሮቹ የድምፅ ሞገድ ሆነው 1.5 ሜትር ያህል በሚረዝሙ፣ ሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ውስጥ ይጓዛሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ተይዘው እንደገና ወደ መነሻቸው ይላካሉ። ዙሩ አንድ ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ መሐል ቁጥሩ የሚቆየው በመንገድ ላይ ነው። የሜርኩሪው ሙቀት ከተለወጠ የድምፁም ፍጥነት ስለሚለወጥ፣ ሙቀትን መቆጣጠር የንድፉ አካል ሆነ።

ርዝመት ጊዜ የመሆኑ እውነት ጎልቶ የታየው በኮምፒውተር ነዳፊው ሲሞር ክሬይ ሥራዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ የሆነው ሲዲሲ 6600 ካቢኔዎቹ የመስቀል ቅርጽ ይዘው የተደረደሩ ሲሆን፣ የምቱ ርዝመት 100 ናኖሴኮንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የገባው ክሬይ-1 ደግሞ ምቱን ወደ 12.5 ናኖሴኮንድ አወረደው። ማሽኑ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ክብ ቅርጽ ነበረው፤ እጅግ ፍጥነት የሚጠይቁት ክፍሎች ሽቦ በሚያጥርበት በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ተቀመጡ። ከ1.2 ሜትር የሚበልጥ ሽቦ አልነበረበትም። ክፍሎቹን የሚያገናኙት ጥንድ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው በተወሰነላቸው ልክ ተቆርጠው በአሜሪካዋ ቺፕዋ ፎልስ ከተማ በሠራተኞች እጅ ተዘረጉ። ለዓይን ውበት ይመስል የነበረው ቅርጽ ከጊዜ ስሌት የተወለደ ነው።

ፍጥነቱን ያመጡት የተሻሻሉት ትራንዚስተሮች እንጂ ሽቦው አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ትራንዚስተሩ ባይፈጥን ኖሮ ምቱን ማሳጠር እንደማይቻል አያከራክርም። ነገር ግን በ100 ናኖሴኮንድ ውስጥ ምልክት ወደ 20 ሜትር ይጓዛል፤ በ12.5 ናኖሴኮንድ ግን 2.5 ሜትር ብቻ። የክሬይ-1 ረጅሙ ሽቦ ብቻውን የምቱን ግማሽ ያህል ይበላል ማለት ነው። ትራንዚስተሩ በፈጠነ ቁጥር የሽቦው ድርሻ ያድጋል እንጂ አያንስም።

ሌላው መከራከሪያ ደግሞ የጋራ ምቱን ጭራሽ መተው ይቻላል የሚለው ነው። ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው የፒዲፒ-10 ኮምፒውተር የመጀመሪያ ፕሮሰሰር፣ ኬኤ10፣ ማዕከላዊ ምት አልነበረውም፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ የሚወጣው ምልክት ቀጣዩን ያስነሳ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት በማዘግያ ሰርኪዩት መለካት ነበረበት። ችግሩ ከአንድ ማዕከል ወደ ብዙ ቦታ ተበተነ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ሁሉ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል ማለትም ስህተት ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር በ4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ፣ በአንድ ምት ውስጥ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳን ልብ ብሎ ላየ ሰው ከፕሮሰሰሩ ወደ ማኅደረ ትውስታው ከሚሄዱት ቀጫጭን መስመሮች አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት የተጠማዘዙ ሊመስሉት ይችላሉ። የተጠማዘዙት ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ርዝመት ኖሯቸው ምልክቶቹ በአንድ ጊዜ እንዲደርሱ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ቺፑ አቅም የምትጠይቁትን ያህል በቺፖቹ መካከል ስላለው ርቀትም ጠይቁ። የማሽን ፍጥነት የሚለካው በሁለቱ ነው።