የድመት የአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች

የድመት የአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች በቤት ድመት አንጀት ውስጥ እየኖሩ ምግቧን ወይም ደሟን የሚሻሙ ትሎችና በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። ከትሎቹ ዋና ዋናዎቹ ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ኮሶ ትል ሲሆኑ፣ ከባለ አንድ ሕዋሶቹ መካከል ደግሞ ጃርዲያ፣ ኮክሲዲያ፣ ትሪትሪኮሞናስና ቶክሶፕላዝማ ይገኙበታል። ጤናማ በሆነች ትልቅ ድመት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩም፤ በግልገሎች ላይ ግን ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሰውም ይተላለፋሉ።

ተውሳኮቹ አንዱ ከሌላው በአመጣጡም ሆነ በመድኃኒቱ ይለያያል። ሁሉንም የሚገድል አንድ መድኃኒት የለም። ከዚህም ሌላ የቆየ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለባት ድመት ሁሉ ትል አለባት ማለት አይደለም። ስለዚህ በሕክምናው ውስጥ ቀዳሚው ነገር የሕመሙን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ነው።

ትሎች

ወስፋት፦ በድመት ላይ በብዛት የሚገኘው ትል ቶክሶካራ ካቲ የተባለው ወስፋት ነው። ነጣ ያለና ድቡልቡል ሲሆን እንስቷ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም ትችላለች። በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ወስፋት (አስካሪስ) ጋር ቢመሳሰልም ዝርያው የተለየ ነው። ድመትን የሚይዛት በሦስት መንገድ ነው፦ እንቁላሉን ከአፈር ወይም ከጸጉሯ ላይ ስትልስ፣ በሥጋው ውስጥ እጭ የያዘ አይጥ ስትበላ፣ እንዲሁም ገና ግልገል ሳለች ከእናቷ ጡት ወተት ጋር። የተዋጠው እንቁላል አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና እጩ በጉበትና በሳንባ በኩል ይጓዛል፤ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ እንደገና ሲዋጥ አንጀት ውስጥ ያድጋል። ወስፋት ያለባቸው ግልገሎች አንዳንድ ጊዜ የሚያስሉት በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው።

ከዓይነ ምድር ጋር የወጣ የወስፋት እንቁላል በዚያው ቀን በሽታ አያስተላልፍም። በውስጡ እጭ እስኪያድግ ድረስ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ፣ ጥቂት ሳምንታት ያስፈልጉታል። ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

መንጠቆ ትል፦ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም ቀጭን ትል ነው። የአንጀትን ግድግዳ በአፉ ነክሶ ደም ይመጠምጣል። ብዛቱ ከፍ ሲል ድመቷ ደም ያንሳታል፤ ድዷና ምላሷ ይነጣል፤ ዓይነ ምድሯም እንደ ሬንጅ ሊጠቁር ይችላል። እጩ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳ በኩልም ይገባል።

ኮሶ ትል፦ በድመት አንጀት የሚገኙት ኮሶ ትሎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዲፒሊዲየም ካኒነም ሲሆን የሚተላለፈው በቁንጫ ነው። የቁንጫ እጭ የትሉን እንቁላል ይበላል፤ ቁንጫው ሲያድግ ድመቷ ጸጉሯን ስትልስ ትውጠዋለች፤ ትሉም አንጀቷ ውስጥ ያድጋል። ሁለተኛው ቴኒያ ቴኒፎርሚስ የሚባለው ሲሆን የሚመጣው በጉበቱ ውስጥ የትሉን ከረጢት የያዘ አይጥ በመብላት ነው። ሁለቱም የሚታወቁት ከዓይነ ምድሯ ጋር ወይም በፊንጢጣዋ ዙሪያ በሚታዩ ቁርጥራጮች ነው። የዲፒሊዲየም ቁርጥራጮች እርጥብ ሲሆኑ የሩዝ ፍሬ፣ ሲደርቁ ደግሞ ሰሊጥ ይመስላሉ። ሰው ጥሬ የበሬ ሥጋ በመብላት የሚይዘው ኮሶ ሌላ ዝርያ ነው፤ ከድመትም አይመጣም።

ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳኮች

ጃርዲያ በተበከለ ውኃ ወይም ምግብ በኩል የሚገባ ሲሆን መጥፎ ሽታ ያለው ለስላሳ ተቅማጥ ያመጣል። ኮክሲዲያ በይበልጥ የሚጎዳው ግልገሎችን ነው።

ትሪትሪኮሞናስ በትልቁ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ብዙ ድመቶች በአንድነት በሚኖሩበት ቤት ወይም መጠለያ ይዛመታል፤ በወጣት ድመቶችም ላይ ለወራት የሚቆይ፣ ንፍጥና አልፎ አልፎ ደም ያለበት ተቅማጥ ያስከትላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጃርዲያ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የጃርዲያ መድኃኒት የሆነው ሜትሮኒዳዞል ግን አያጠፋውም። የጃርዲያ ሕክምና ተሰጥቷት ተቅማጧ ያልቆመ ወጣት ድመት ለዚህ ተውሳክ ልትመረመር ይገባል።

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ እ.ኤ.አ. በ1908 ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ በቱኒስ ከተማ ጎንዲ በተባለች አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ያገኙት ተውሳክ ነው። የተሟላ እድገቱን የሚያደርገው በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ድመቶች በዚህ ተውሳክ ሲያዙ የሕመም ምልክት አያሳዩም።

ምልክቶች

በግልገሎች ላይ ሰውነት ከስቶ ሆድ መነፋት፣ የጸጉር መክሳት፣ ተቅማጥ፣ ትውከትና የእድገት መዘግየት ይታያል። ወስፋት ሲበዛ አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። በትልልቅ ድመቶች ላይ ደግሞ ክብደት መቀነስ፣ ፊንጢጣን መላስና አልፎ አልፎ ማስታወክ ይኖራል።

ግልገል ተቅማጥ ሲይዛት ውኃ በፍጥነት ስለሚያልቅባት ጉዳዩ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ትልቅ ድመትም ብትሆን ሁለትና ሦስት ቀን ምግብ ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሕይወቷ አስጊ ሊሆን ይችላል። ደም የተቀላቀለበት ዓይነ ምድር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የድድ መንጣትና መድከም ሐኪም ዘንድ በቶሎ የሚያስወስዱ ምልክቶች ናቸው።

ምርመራ

የተለመደው ምርመራ ትኩስ ዓይነ ምድርን በጨው ወይም በስኳር ሙሌት ውስጥ በጥብጦ እንቁላሎቹ ወደ ላይ እንዲንሳፈፉ ማድረግና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የአንድ ቀን ምርመራ «ምንም የለም» ቢልም ድመቷ ነጻ ናት ማለት አይደለም። ትሎች እንቁላል የማይጥሉበት የእድገት ጊዜ አላቸው፤ የጃርዲያ ከረጢቶች በየቀኑ አይወጡም፤ የኮሶ ትል እንቁላልም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በቁርጥራጩ ውስጥ ተዘግቶ ነው። በዚህ ምክንያት የሦስት ቀን ናሙና መመርመር የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ትሪትሪኮሞናስን በእርግጠኝነት የሚለየው ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ነው።

ሕክምና

ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ፓይራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል፣ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል፣ ለጃርዲያ ፌንቤንዳዞል ወይም ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል። ለትሪትሪኮሞናስ የሚታዘዘው ሮኒዳዞል ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም። መጠኑ የሚወሰነው በድመቷ ክብደት ነው።

አብዛኞቹ የትል መድኃኒቶች የሚገድሉት አንጀት ውስጥ ያለውን ያደገ ትል እንጂ በሰውነት ውስጥ በጉዞ ላይ ያለውን እጭ አይደለም። ግልገሎች መድኃኒቱን በየሁለት ሳምንቱ የሚደጋግሙት ለዚህ ነው። በዲፒሊዲየም የተያዘች ድመት ደግሞ ቁንጫዋ ካልጠፋ ትሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለስባታል። ባለቤቶች «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደገና ስትያዝ ነው።

ለሰው ወይም ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ለድመት መስጠት አደገኛ ነው። አልቤንዳዞል የድመትን መቅኒ ሊጎዳ ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የሚቀባው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፤ ይገድላልም። ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰደው ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው።

ተውሳክ ያልሆነ የቆየ የሆድ ሕመም

ከሦስት ሳምንት በላይ የቀጠለ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ተቅማጥና ትውከት የቆየ ሕመም ይባላል። ተውሳክ በምርመራና በሕክምና ከተወገደ በኋላ ሕመሙ ካልተሻለ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የሚታየው ምግብ ነው። አብዛኞቹ ድመቶች ሲያድጉ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚቀንስባቸው የላም ወተት ተቅማጥ ሊያመጣባቸው ይችላል። በኢትዮጵያ ብዙ ድመቶች የሚኖሩት አይጥ እንዲይዙ ሲሆን የሚበሉትም ያደኑትንና የተራረፈ እንጀራ በወጥ ነው። ወጥ የሚሠራበት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ድመት ሥጋ በል እንስሳ በመሆኗ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ሲያጥራት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል።

ለአንዳንድ ድመቶች አንድ የተወሰነ የሥጋ ዓይነት ራሱ አይስማማቸውም። ይህን ለማወቅ ድመቷ ከዚህ በፊት በልታ የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት እንድትበላ ይደረጋል። የምግብ አለመስማማት ከሆነ ብዙዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። በሙከራው ጊዜ ሌላ ምግብ ከተቀላቀለ ግን ውጤቱ አይታመንም።

ምግብ ካልሆነ የቆየ የአንጀት ብግነት፣ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የኩላሊት ወይም የቆሽት ሕመም፣ በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ ደግሞ የአንጀት ሊምፎማ (ካንሰር) ይመረመራል። የቆየ የአንጀት ሕመም ያለባቸው ድመቶች ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥራቸው ስለሚችል እሱን መተካት የሕክምናው አካል ነው። የአንጀት ብግነት ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አይድንም፤ በምግብና በመድኃኒት ግን ድመቷ ለዓመታት ደህና ሆና ልትኖር ትችላለች። የክብደቷን፣ የበላችውንና ያስታወከችበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ወደ ሰው መተላለፍ

የድመት ወስፋት እንቁላል ከአፈር ጋር ወደ ሕፃናት አፍ ሲገባ እጩ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እይታን ሊያጠፋ ይችላል። ቁንጫ የዋጠ ሕፃንም በዲፒሊዲየም ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቶክሶፕላዝማ ከተያዘች ፅንሱ ሊጎዳ ወይም ሊጨናገፍ ይችላል። ይህ ማለት ግን ድመቷ ከቤት ትባረር ማለት አይደለም። ድመት የተውሳኩን እንቁላል የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የወጣውም ለማስተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የድመቷን መጸዳጃ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ተውሳኩ በጥሬ ሥጋ፣ በተለይ በበግና በፍየል ሥጋ፣ እንዲሁም ባልታጠበ አትክልት በኩልም ስለሚገባ ድመት የሌለበት ቤት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መከላከል

በአውሮፓ የሚሠራው ኤስካፕ የተባለ የጥገኛ ተውሳክ ባለሙያዎች ምክር ቤት፣ ግልገሎች ከሦስት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ የወስፋት መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ እንዲወስዱ ይመክራል። ይህም ጡት ከተዉ በኋላ ሁለት ሳምንት እስኪሞላቸው ይቀጥላል፤ ከዚያም እስከ ስድስት ወር ዕድሜያቸው በየወሩ ይሰጣቸዋል። የምታጠባ እናትም ከግልገሎቿ ጋር ትታከማለች። ከቤት ውጭ ለምትዞር ትልቅ ድመት በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ሕክምና ወይም ምርመራ ይመከራል።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቁንጫን ከድመቷም ከመኝታዋም ማጥፋት፣ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ማንሳት፣ መጸዳጃዋን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ሥጋን አብስሎ መስጠት፣ ልጆች የሚጫወቱበትን አሸዋ መሸፈንና ከአፈር ሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ የተውሳኮቹን ዑደት የሚቆርጡ መንገዶች ናቸው። ለአይጥ አደን የምትቀመጥ ድመት ከአይጥ የሚመጣውን ትል ፈጽሞ ልታመልጠው ስለማትችል ሕክምናዋ በየጊዜው የሚደገም ነው።