ጫቱ ሲደርቅ የተሰወረው ውህድ

ቃሚ ጫት ትኩስ መሆን እንዳለበት ኬሚስት እስኪነግረው አይጠብቅም። አወዳይ ላይ ጫቱ በኮባ የሚጠቀለለው፣ ውሃ የሚረጭበት፣ የጫነው መኪናም ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅግጅጋ ነፍሴ አውጪኝ እያለ የሚከንፈው ለዚሁ ነው። የጠወለገ ጫት ዋጋው ወዲያው ይወድቃል። የዚህን ምክንያት ለማግኘት ግን ሳይንስ ወደ 90 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ድብልቅን መለየትና ያልታወቀን ውህድ ማንነት ማረጋገጥ ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1887 ፍሉኪገርና ጌሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጫት ውስጥ አልካሎይድ እንዳለ አሳወቁ። በ1930 ደግሞ ዎልፈስ የተባለ ኬሚስት ካቲን የሚባለውን ውህድ ለይቶ ማንነቱን አረጋገጠ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። ሆኖም አንድ ነገር አልገጥም አለ፤ ካቲን ደካማ ነው። የትኩስ ጫት ምርቃና በካቲን ብቻ ሊብራራ አልቻለም።

ነገሩ የት ላይ እንደተበላሸ ለማየት ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ። አንድ ቅጠል ለኬሚስት አንድ ነገር አይደለም። ክሎሮፊሉ፣ ታኒኑ፣ ስኳሩ፣ ሰሙ፣ አልካሎይዱ ሁሉ ተደባልቆ ነው የሚመጣለት። እነዚህን ለማለያየት አንድ ልዩነት ፈልጎ እሱን መያዝ አለበት፤ አንዱ በሚሟሟበት ሌላው የማይሟሟ፣ አንዱ ሲተን ሌላው የሚቀር ሊሆን ይችላል። አረቄ የምታወጣ እናት በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው። አልኮል በባሕር ጠለል ከፍታ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላልና ከውሃው በብዛት ቀድሞ ይተናል። ይሁን እንጂ አረቄውን የፈለገችውን ያህል ደጋግማ ብታወጣው ፍጹም ንጹሕ አልኮል አታገኝም። በመጨረሻ የሚቀረው 4 በመቶ ገደማ ውሃ ከአልኮሉ ጋር እኩል ይተናልና በማፍላት ብቻ አይለይም።

ለቅጠል ይበልጥ የሚያዋጣው ክሮማቶግራፊ ነው። ሚካኤል ፅቬት የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1903 ዋርሶ ውስጥ ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ጠቀጠቀ፣ ከላይ የቅጠል ቀለም የሟሟበትን ፈሳሽ አፈሰሰ፣ ከዚያም ንጹሕ ማሟሚያ አስከተለበት። አንድ ወጥ አረንጓዴ የሚመስለው ፈሳሽ እየወረደ ሲሄድ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ሆኖ ተከፋፈለ። ሁለት ሰዎች መርካቶ እኩል ቢገቡ በየሱቁ ቆሞ ዋጋ የሚጠይቀው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዱቄቱ ጋር የሚጣበቀው ውህድም እንዲሁ ይዘገያል። በዛሬው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ማሟሚያውን ጋዝ ተክቶታል፤ ቱቦውም ፀጉር የሚያህል ቀጭንና ብዙ ሜትር የሚረዝም ሆኗል። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ተማሪ የሚሸወድበት ነገር አለ። ክሮማቶግራፊውን በቱቦ ፋንታ ሲሊካ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ አንድ ነጥብ ብቻ ሲያይ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለት ውህዶች እኩል ተጉዘው ተደራርበው ሊሆን ይችላል፤ ማሟሚያውን ቀይሮ እንደገና ማየት አለበት።

ውህዱ ነጠረ እንበል። አሁን ማን ነው? ውድ መሣሪያ ሳይኖር በፊት ኬሚስቶች ይህን የሚመልሱበት፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ንጹሕ ጠጣር ነገር በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ይቀልጣል፤ ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚቀልጥበት ሙቀት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ያልታወቀውን ዱቄት፣ እሱ ነው ተብሎ ከተጠረጠረው የታወቀ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ማቅለጥ ነው። የመቅለጫው ሙቀት ካልወረደ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ከወረደ ሌላ ስም ይፈለጋል። የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦና ትዕግሥት ብቻ ነው።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከዚህ አልፈው ይናገራሉ፤ ያም ሆኖ አንዳቸውም ብቻውን አይበቃም። ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሉን ሰብሮ የስባሪዎቹን ክብደት ይመዝናል። ካቲኖን የሚባለው ሌላው የጫት ውህድ 149፣ ካቲን 151 ይመዝናሉ፤ ልዩነታቸው ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ሁለቱም ሲሰበሩ ዋነኛው ስባሪ 44 ላይ ስለሚወድቅ፣ እሱን ብቻ አይቶ የፈረደ ይሳሳታል። በዚህ ጊዜ ኢንፍራሬድ ይጠየቃል። ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር የተያያዙበት ካቲኖን በሞገድ ቁጥር (cm⁻¹) 1,700 አካባቢ ጠንካራ ምልክት ያሳያል፤ ካቲን ይህ የለውም፣ በምትኩ ከ3,000 በላይ የሃይድሮክሲል ምልክት ያሳያል። ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ደግሞ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ይነግራል። ኬሚስቱ ስም የሚሰጠው እነዚህ ምስክሮች ሲስማሙ ነው።

እንግዲህ ወደ ጫቱ። ካቲኖን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል ሲመረምር ነው። ከካቲን እጅግ የበረታው አነቃቂ እሱ ሆኖ ተገኘ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ የራሱ ኢንዛይሞች በካቲኖኑ ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ይጨምሩና ወደ ካቲን ይለውጡታል። የቀደሙት ኬሚስቶች በሙያቸው አልተሳሳቱም፤ ካቲን እውነተኛ ውህድ ነው፣ ስሙንም በትክክል ሰጥተውታል። ከቦታው ርቀው የሠሩበት ቅጠል ግን ቃሚው የሚያኝከው ቅጠል አልነበረም። በኔ ግምት አንድ የአወዳይ ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ዓመት ይተርፍ ነበር።

ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በሕግም ፊት ይመዝናሉ። በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት ካቲኖን ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ሰንጠረዥ፣ ካቲን ግን በላላው በሦስተኛው ውስጥ ተመድበዋል፤ ቅጠሉ ራሱ በስምምነቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ናሙናው መሳቢያ ውስጥ በከረመ ቁጥር ማስረጃው ይለወጣል። ለምርመራ ጫት የሚሰበስብ ሁሉ፣ ፖሊስም ይሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የተቀጠፈበትን ቀንና የተቀመጠበትን ሁኔታ ከናሙናው ጋር ይጻፍ፤ ቅጠሉንም ሳይውል ሳያድር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባ።