ጀልባ ኮረብታ ሲወጣ

ሎክ በቦይ ላይ የሚሠራ፣ ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው፣ ከከፍተኛውም ወደ ዝቅተኛው የሚያሻግር ክፍል ነው። ግድግዳው በጡብ ወይም በድንጋይ የተገነባ ሲሆን ላይና ታቹ በበር ይዘጋል። ሞተር የለውም። ከላይ የሚወርደው ውሃ ራሱ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ጀልባ ያነሣል፤ የሰው ድርሻ የውሃውን መግቢያና መውጫ መክፈትና መዝጋት ነው። ነዳጅ ሳይጠይቅ ከ200 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ አንድ ሰው በእጁ የሚያሠራው እንዲህ ያለ ማንሻ ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ናሮውቦት የሚባለው የእንግሊዝ የቦይ ጀልባ ቅርጹን ያገኘው ከሎኩ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ከ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመካከለኛው እንግሊዝ ያቀዳቸው ቦዮች ወጪና ውሃ የሚቆጥቡ ጠባብ ሎኮች ነበሯቸው። በእነዚህ ሎኮች የሚያልፈው ጀልባ ወርዱ ከ2 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ርዝመቱ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ስለዚህ ጀልባው ከውስጥ ሲታይ ረጅም ኮሪደር ይመስላል። በድሮው ዘመን በዳር በኩል በሚሄድ ፈረስ እየተጎተተ ከሰልና ሸቀጥ ያጓጉዝ ነበር። ዛሬ በናፍጣ ሞተር ይሄዳል፤ መኝታ፣ ወጥ ቤትና ምድጃ ስላለው የሽርሽር ጀልባም ቋሚ መኖሪያም ይሆናል። የተፈቀደለት ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው አብሮት ይሄዳል።

የሎክን ሥራ ከነድካሙ ለማየት ታርደቢግን የሚያህል ቦታ የለም። ይህች መንደር የምትገኘው ከዉስተር ወደ በርሚንግሃም በሚወስደው፣ በ1815 በተጠናቀቀው ቦይ ላይ ነው። በ3.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ የተደረደሩ 30 ሎኮች ጀልባን 67 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያወጣሉ። በብሪታንያ ከዚህ የሚረዝም የሎክ ድርድር የለም። ከሥሩ ደግሞ ስቶክ የሚባሉ ሌሎች 6 ሎኮች አሉ። ሁለቱን አያይዞ ለመውጣት የተነሣ ጀልባ ቀኑን በዚያው ያሳልፋል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ሎኩ ውሃው ጎድሎ፣ የታችኛው በር ተከፍቶ ጀልባውን ይጠብቃል። የኋላ ጫፉ ላይ የቆመው ነጂ መሪውን በጥቂቱ ብቻ እያንቀሳቀሰ ጀልባውን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያስገባል፤ በግራና በቀኝ የሚተርፈው ክፍተት ከስንዝር ያነሰ ነው። ምድር ላይ ያሉት ረዳቶች ከበሩ ጋር የተያያዘውን ረጅም አግዳሚ ግንድ በወገባቸው እየገፉ ይዘጋሉ። ቀጥሎ ማኖቬላቸውን ይዘው ወደ ላይኛው በር ይሄዳሉ። ማኖቬላው ጥርሳም ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ ከውሃ በታች ያለውን መዝጊያ ሳንቃ ሽቅብ ይስባል፤ ውሃውም እየተንደረደረ ይገባል። ሳንቃው በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ጀልባው ወደፊትና ወደኋላ ይላጋልና በዝግታ መክፈት ግድ ነው።

የታችኛው በር ሁለት መዝጊያ አለው። መዝጊያዎቹ የሚገናኙት ጫፋቸውን ወደ ላይኛው ውሃ አሹለው ስለሆነ፣ ውሃው በገፋቸው መጠን ይበልጥ ይጣበቃሉ። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ውሃ እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም ጉልበተኛ አይከፍታቸውም። ሎኩ ሞልቶ ከላይኛው ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ደግሞ የላይኛው በር በትንሽ ግፊት ይንቀሳቀሳል። ጀልባው 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሳንቃው ይወርዳል፤ በሩ ይዘጋል። አንዱ ረዳት በእግሩ ወይም በብስክሌት ቀድሞ የሚቀጥለውን ሎክ ውሃ ማጉደል ጀምሯል።

ሎኩ ሲሞላ የሚወስደው ውሃ 100 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ጀልባ ገባም ትልቅ፣ መጠኑ አይለወጥም። ደግነቱ 30 ሎክ ለመውጣት ከኮረብታው አናት 30 ሙሊት አይቀዳም። የላይኛው ሎክ የለቀቀው ውሃ በሁለት ሎኮች መካከል ባለችው አጭር የቦይ ክፍል ተይዞ የታችኛውን ይሞላል፤ እንዲህ እየተቀባበለ አንድ ሙሊት ድርድሩን በሙሉ ያገለግላል። ወጪና ወራጅ ጀልባ ከተፈራረቁ ደግሞ አንዱ ሙሊት ለሁለት ይበቃል። ልምድ ያለው ነጂ ከላይ የሚመጣ ጀልባ ካየ ሎኩን የሚተውለት ለዚህ ነው። ሳንቃ ሳይዘጋ ትቶ የሄደ ሰው ግን የመካከሏን ክፍል በአንድ ሌሊት ሊያደርቃት ይችላል። ታርደቢግ ላይ የቦዩን አናት ለመመገብ የተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ዛሬም አለ፤ ውሃውን ሽቅብ ይገፋ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ቤትም አልፈረሰም።

ቁልቁል መውረድ ቀላል ቢመስልም የከፋው አደጋ ያለው እዚያ ነው። በላይኛው በር ሥር እንደ ደፍ ወጣ ያለ የግንብ እርከን አለ። ሎኩ ሲሞላ ውሃው ይሸፍነዋል። ውሃው በሚጎድልበት ጊዜ የጀልባው የኋላ ጫፍ እዚያ ላይ ካረፈ ፊቱ ብቻ ይወርዳል፤ ጀልባው በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ገብቶበት ሊሰምጥ ይችላል። የደፉን ወሰን የሚያመለክት ነጭ መስመር ግድግዳው ላይ ተቀብቷል፤ ነጂው ከእሱ ፊት ይቆያል። ጀልባው ከተያዘ የታችኛውን ሳንቃ ወዲያው መዝጋት፣ ከዚያ ከላይ ውሃ መልሶ መሙላት ነው።

የባቡር ሐዲድ፣ ኋላም የጭነት መኪና ሥራቸውን ሲወስድባቸው ብዙ ቦዮች በደለልና በአረም ተዘጉ። ቶም ሮልት ክሬሲ በምትባል ጀልባው እየኖረ ስለ ቦዮቹ የጻፈው መጽሐፍ በ1944 ታተመ። መጽሐፉን ያነበበው ሮበርት ኤክማን በ1945 ታርደቢግ ድረስ መጥቶ ሮልትን በጀልባው ጎበኘው። በማግስቱ ዓመት የተመሠረተው የውስጥ የውሃ መስመሮች ማኅበር ከዚህ ግንኙነት የወጣ ነው። ቦዮቹ እንዳይደፈኑ ለተደረገው ረጅም ትግል ትልቁን ምስጋና ማኅበሩና ዶማ ይዘው የወጡት በጎ ፈቃደኞች ሊወስዱ ይገባል።

ከ2012 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይና ወንዝ የሚጠብቀው የቦይና የወንዝ ባለአደራ ድርጅት ነው። የሎክ በሮች ዛሬም በአብዛኛው ከኦክ እንጨት ይሠራሉ፤ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነው። ድርጅቱ በራሱ ወርክሾፕ እያንዳንዱን በር ለሚገባበት ሎክ በልኩ ያዘጋጃል። መቀየሪያው ጊዜ ጀልባ የሚቀንስበት የብርድ ወቅት ሲሆን፣ ሎኩ ላይና ታቹ ተገድቦ ውሃው ይመጠጣል፤ አሮጌው በር በክሬን ይነሣና አዲሱ በቦታው ይገባል።