ጊታር ስትሠሩ ግማሽ ሚሊሜትር ለምን ያስቸግራል?

ማሲንቆ ላይ ጣት የድምፁን ቦታ በጆሮ እየተመራ ይፈልጋል። ጊታር ላይ ግን ቦታውን አስቀድሞ የሚወስነው ሠሪው ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ ያለቦታቸው ከተተከሉ ክሩን የቱንም ያህል ብትቃኙት ጊታሩ አይስተካከልም።

ታዲያ ቦታቸው እንዴት ይታወቃል? ክር በግማሽ ሲያጥር የንዝረቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። እዚያ ለመድረስ 12 እርምጃ አለ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የቀረውን የክር ርዝመት ለ17.817 አካፍላችሁ ያገኛችሁትን ያህል ወደፊት ትሄዳላችሁ። ክሩ 650 ሚሊሜትር ከሆነ 1ኛው ፍሬት 36.5 ሚሊሜትር ላይ፣ 12ኛው ደግሞ 325 ላይ ይውላል።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ሁሉንም ከአንድ መነሻ ለኩ። ከፍሬት ወደ ፍሬት እየተሻገራችሁ ስትለኩ በየጊዜው ግማሽ ሚሊሜትር ወደ አንድ ወገን ብትስቱ፣ 12ኛው ላይ ስህተቱ 6 ሚሊሜትር ይደርሳል!

መስመሩን ስኳድራ አስደግፋችሁ በስለታም ቢላ አስምሩ። የእርሳስ መስመር ወፍራም ነው፤ ቢላ ግን ቀጭን ጭረት ይተዋል፣ መጋዙም እሱን ይዞ ይሄዳል። መጋዙ ጥርሱ ደቃቅ ይሁን፤ የሚከፍተውም ቦይ ከፍሬቱ እግር አይስፋ፣ አለዚያ ፍሬቱ ይላላል።

ደግሞ ዋናውን እንጨት ከመንካታችሁ በፊት ቁራጭ ላይ ተለማመዱ። የተላገ እንጨት ዳግም ይላጋል፤ ያለቦታው የተቆረጠ ቦይ ግን በቀላሉ አይደበቅም።