«ምድር ባቡር» እና «ደረቅ ወደብ»

«ምድር ባቡር» በሚለው ስም ውስጥ «ምድር» ምን ይሠራል? ባቡር ከምድር ሌላ የት ይሄዳል? መልሱ የሚገኘው «ባቡር» የሚለውን ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ስናየው ነው።

ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዮስት ትሪየር በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ስለ ዕውቀት የሚናገሩ የጥንት ጀርመንኛ ቃላትን በ1200 እና በ1300 ግድም እንደነበሩ አነጻጸረ። አንዱ ቃል ከመካከላቸው ሲወጣ የሌሎቹም ድርሻ ተለውጦ ነበር። ቃላት አንድ የትርጓሜ መስክ ተካፍለው ይኖራሉ፤ የአንዱ ወሰን ሲገፋ የሌላው ይሰፋል ወይም ይጠባል።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ግሩም ማስረጃ አለው። «ባቡር» መነሻው እንፋሎት ማለት ስለሆነ መጀመሪያ በእንፋሎት የሚሠራውን ሁሉ ያዘ፦ በባሕር የሚሄደውን፣ እህል የሚፈጨውን፣ አርመናዊው ሳርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣውን በመንገድ የሚሄድ «የሰርኪስ ባቡር» ጭምር። ነገር ግን ባሕሩን «መርከብ»፣ እህሉን «ወፍጮ» ቀድመው ይዘውት ነበር። መንገዱን ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣው «መኪና» ወሰደው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሞጆ በኩል በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የሐዲድ መስመር ግን ተፎካካሪ ስም አልነበረውም፤ «ባቡር» እዚያ ጸና። «ምድር» የባሕሩ ባቡር ከአፍ ሳይጠፋ የተጨመረ መለያ ነው፤ ዛሬ የሚኖረው በአብዛኛው በተቋም ስም ነው።

የትሪየር ሥዕል ከልክ በላይ የተስተካከለ ነው ብለው የተቹት አሉ፤ እውነት አላቸው። «ማሽን» ከመጣ በኋላም ልብስ ሰፊው «የስፌት መኪና» ማለቱን አልተወም። ወሰኖች ይደራረባሉ። ሆኖም መደራረቡ ራሱ የሚታየው ቃላቱን አንድ ላይ ላስቀመጠ ሰው ነው።

አሁን ከባሕር ርቆ ጭነት የሚቀበለው «ደረቅ ወደብ» በሚገኝበት በሞጆ ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ነው። «ወደብ» የኖረው ከ«ባሕር»፣ ከ«መርከብ» እና ከ«ጀልባ» ጋር ነበር። በሞጆ ጎረቤቶቹ «ኮንቴይነር»፣ «ጉምሩክ»፣ «ትራንዚተር» እና «ተሳቢ» ናቸው። «ደረቅ» እንደ «ምድር» የድንበር ምልክት ነው፤ የባሕሩ ወደብ በአሳባችን እስካለ ድረስ ያስፈልጋል። የቋንቋ ተማሪዎች ወደ ሞጆ ሄደው ሹፌሮችንና ትራንዚተሮችን ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል። «ዕቃው ወደብ ደርሷል» ሲሉ ጅቡቲን ነው ሞጆን? ያለ «ደረቅ» ሞጆን ማለት ከጀመሩ የመስኩ ወሰን ተገፍቷል ማለት ነው።