በ19 ገድፎ የቀረው

ጎንደር ላይ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር አለ። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት ሁለት ሦስት ተማሪዎች ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «ቲቸር፣ ዲፓርትመንት መቀየር ይቻላል?» ይሉኛል። ከየት እንደመጡ ስጠይቅ መልሱ በየዳ፣ ጃናሞራ፣ ጠለምት፣ አዲ አርቃይ ነው።

አምና ከመጡት አንዱ የአዲ አርቃይ ልጅ ነበር። እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ፤ ደባርቅ ላይ የተከናነብኩትን ጋቢ ሊማሊሞን ወርጄ ቆላው ሲቀበለኝ አወልቃለሁ። ልጁ ኮምፒውተር በእጁ የነካው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። አይሲቲን የተማረው በደብተር ነው፤ የኪቦርድ ክፍሎችን በቃሉ ይዘረዝራል። ላብ ውስጥ ከጎኑ ያለው የከተማ ልጅ ጣቶቹን ሳያይ ሲጽፍ እሱ ሴሚኮለን ይፈልጋል። ለፈተናው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ሸምድዶ ገባ፤ ጥያቄው ትንሽ ቢለወጥበት ወደቀ።

«አባትህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ገበሬ ነው። አጎቴ ግን መሪጌታ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ እሳቸው ዘንድ ትንሽ ተምሬያለሁ።»

«ባሕረ ሐሳብስ?»

«ትንሽ።»

ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነውና ወረቀት ሰጠሁትና የ2017ን ፋሲካ አውጣልኝ አልኩት። 5500ን ጨመረ፤ 7517 ሆነ። በ19 ገደፈው፤ አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ያዘ ማለት ነው፤ 12 ቀረ። የተያዘው ዓመት ስላልተፈጸመ አንድ አጎደለ፤ ወንበር 11። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴ 1 ወጣ፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕ 29። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸውን አየና ቀጠለ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። ቅዱስ ዮሐንስ ረቡዕ ስለነበረ መስከረም 29ም ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4፣ ድምሩ 33። ከ30 ስላለፈ ጾመ ነነዌ ከጥር ወጥታ የካቲት 3 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 12 ላይ አረፈ። የ2017 ፋሲካ የዋለው በዚያ ቀን ነው።

መግደፍ ያለው እኛ ክፍል ውስጥ ሞጁሎ የምንለው ነው። «ከ14 ከበለጠ» ያለው ኢፍ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ 30 መሙላታቸውን ማየቱ ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ አራተኛ ዓመት ደርሰው እንኳ የማይለምዱት የማረጋገጥ ሥራ ነው። ይህን ስነግረው ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

ኮዱን አብረን ጻፍነው። ቀጥዬ 2006ን አስገባ አልኩት። 7506 በ19 ሲገደፍ 1 ይቀራል፣ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም መጥቅዕን 0 ብሎ አወጣ። ልጁ ወዲያው «አይሆንም ቲቸር» አለኝ፤ «አበቅቴ አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ነው።» ማሽኑ ስሕተት አለ አላለም። ሳያይ የሚጽፈው ጓደኛው ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ሠርቷል ብሎ ያስረክበኝ ነበር። ይህች ጉድለት በ2025 ዓ.ም. ተመልሳ ትመጣለች።

አባቶቻችን ኮምፒውተር ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም የማወራው፤ እንዲህ ያለውን ወሬ አልወደውም። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚቀራረብ ነው በ19 የሚገደፈው፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስም በ1800 እ.ኤ.አ. የፋሲካን ቀመር ሲያወጣ በ19 ገድፏል። ኮምፒውተር ሳይንስ ከዚህ አልፎ ለምን ትክክል ሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ የትኛው ግብዓት ይሰብረዋል ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ይህንን ገና ይማራል። የሚማርበት መሠረት ግን አለው፤ እኛ መምህራን ደግሞ አንጠይቀውም። ምሳሌዎቻችንን ከውጭ መጻሕፍት እንደወረዱ እናቀርባለን።

ለሚቀጥለው ሳምንት የፊደል ገበታን ሰጠሁት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ሆኑ፤ በየቤቱ 8 ቦታ ማለት ነው። በለ ላይ 3 ቢደመር ላ ይሆናል። ባለሁለት አቅጣጫ አሬይ ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ልጁ በሁለተኛው ፈተና ሲ አገኘ። ለዚያውም ላፕቶፕ የለውም፤ የዶርም ጓደኛው ሲተኛ ተውሶ ነው የሚለማመደው። ከእሱ በፊት የነበሩት የባሰ ገጥሟቸዋል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በስልክ ቪዲዮ እያዩ የሚማሩት ሁሉ ከመንገድ ቀሩ። ከ2015 ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ደግሞ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ጭንቅላቱ የበሰለ፣ እጁ ግን ያልለመደ ተማሪ እዚያ ይጎዳል። ይህ የችሎታ ጉዳይ ተብሎ ሲነገር እቆጣለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዲፓርትመንት ልቀይር የሚል ተማሪ ሲመጣባችሁ ቅጹን ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀት ስጡትና የሚያውቀውን ስሌት ጠይቁት። ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ወጥታችሁ በዚህ ሙያ እንጀራ የምትበሉም፣ ያረጀ ላፕቶፕ ቤታችሁ ተቀምጦ እንደሆነ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ስጡት። ኮምፓይለር ከፍላሽ ይጫናል፤ ለመጻፍና ለመሞከር ኢንተርኔት አይፈልግም። ክረምት ወደ ቤተሰብ ስትወርዱ ይዛችሁላቸው ውረዱ።